የእማዬ ስንዝር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ በፊት ሰላምታዬ ቀድሞኝ በርህን ያንኳኳልኝ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሲበርድ የሚጠዘጥዝህ ጉልበትህስ? እንቅልፍ ይወስድሃል ወይስ አሁንም ጣሪያ ጣሪያ ስታይ ታነጋለህ? ሚስትህ ደህና ናት? ትንሿስ፣ ያቺ በስልክ ትንፋሿን ብቻ የምታሰማን፣ ጥርስ አወጣች? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ መድኃኒት ያጣንለት የአንተ ናፍቆት ብቻ ነው። እማዬም ደህና ናት። ደህና ናት ስልህ የእውነት ነው፤ እሷ በስልክ «ደህና ነኝ» እያለች እንደምትሸነግልህ አይደለም።

ይህን የምጽፍልህ አዲሱ ቤት ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ዝናቡ አሁን ገና ነው ያባራው። ቆርቆሮው ላይ የቀረው ውሃ በአሸንዳው እየተንቆረቆረ ወደ ቦዩ ይወርዳል፤ ድምፁ ጓዳ ውስጥ ሆኖ ቀስ ብሎ ለራሱ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ወንዙ ጉም ለብሷል። ማዶው የለም፣ አጥሩም የለም፤ እኔና ቤቱ ብቻ አየር ላይ የቀረን ይመስለኛል። ስትደውል ሁልጊዜ «ቤቱ ምን ደረሰ?» ትለኛለህ፣ መልሴን ሳልጨርስ ካርድህ ያልቃል። ዛሬ እንግዲህ ተመቻችተህ አንብብ፤ ወረቀት አይቋረጥም።

የአሮጌው ቤት ግድግዳ ባለፈው ክረምት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ መፍረሱን ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ እኔና እማዬ የከረምነው ልብስ ሰፊዋ ጋ፣ ከሱቋ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። አልረሳሃትም መቼም፤ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ሰው የምታማዋ ናት። እኔም እዚያው ቁልፍ እተክላለሁ፣ እዘመዝማለሁ። ደግ ናት፣ አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችብንም። እማዬ ግን በሰው ቤት እንቅልፍ እምቢ አላት። በጨርቅ ቁልል መሃል ኩርምት ብላ ትቀመጥና «ክረምቱ በሰው ጣሪያ ሥር ካገኘኝ አልወጣውም» ትላለች። አነጋገሯ የቀልድ ነው፣ ዓይኗ ግን አይቀልድም። ምግብ እየገፋች ከስታ ነበር፣ ወንድሜ፤ እንዳልነግርህ አስምላኝ ነው እንጂ። የእኔም ጭንቀት አንድ ብቻ ሆነ፤ ዝናቡ ሳይቀድመን እሷን የራሷ ጣሪያ ሥር ማስገባት።

ወንዝ ዳር ቤት መሥራት እንደ ድሮው ዝም ብሎ ድንጋይ መከመር አይደለም ለካ። የግንባታ ተቆጣጣሪዋ መጣች፤ እስከ ጉልበቷ ቦቲ የተጫማች፣ ሳቂታ ሴት ናት። መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይቆፈር አለች። ወለሉ እዚህ ቦታ ከታየው ትልቅ የጎርፍ ውሃ በላይ ይሁን፣ ላልታየው ደግሞ አንድ ክንድ ይጨመርበት አለች። ዙሪያውን ቦይ ይውጣለት፣ ጣሪያውም ምስማር ብቻ ስለማይበቃው ከግድግዳው አናት ጋር በብረት ይታሰር አለች። ይህ ሳይሟላ ቆርቆሮ መምታት ክልክል ነው። እማዬ ጣሪያው ይታሰር ሲባል ስትሰማ «ምነው፣ ምን አጠፋ?» ብላ ሴትዮዋን አሳቀቻት። ነፋስ ይዞት እንዳይኮበልል ነው ሲሏት «እንግዲያስ እሰሩት፤ ከዚህ ቤት የኮበለለው ይበቃል» አለች። ማንን እንደነካች መቼም ይገባሃል።

ጭቅጭቁ የመጣው ትልቁ ውሃ የቱ ጋ ደርሶ ነበር የሚለው ላይ ነው። የድሮው ግድግዳ በላይ በላዩ ሲመረግ ኖሮ ምልክት አልቀረበትም። ጎረቤቱ ተሰበሰበና አንዱ ጉልበት ድረስ ነው ሲል ሌላው መስኮት ድረስ ነው ይላል። ፀጉር አስተካካዩማ ላም በአጥራችን ላይ ስትዋኝ አይቻለሁ ብሎ ድርቅ አለ፤ ያን ጊዜ ደግሞ እሱ እዚህ ሰፈር አልነበረም። እማዬ ይሄኔ ተነሳች። «ምን ያጨቃጭቃችኋል? ምልክቱ እኔ ነኝ» አለች።

ወርዳ አጥር በሩ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ቆመች። በጎርፉ ቀን አንተን ትከሻዋ ላይ አድርጋ የወጣችው በዚያ በኩል ነው፤ እኔ ያኔ በሐሳብም አልነበርኩም። መዳፏን ደረቷ ላይ ለጠፍ አድርጋ፣ ውሃው እዚህ ነበር፣ ልጄ እግሩን አንጠልጥሎ ተረከዙን ውሃው ይልሰው ነበር አለች። ግንበኛችን ግድግዳ እንደሚያቀኑበት ባለ ክር ክብደት ቀጥ ብሎ ከመቆሙ የተነሳ ቱምቢ ነው የሚሉት፤ የመለኪያ ክሩን ከእጇ ሥር አስይዞ፣ በውሃ ልክ መሣሪያው እያስተካከለ፣ ሽቅብ እስከ ቤቱ ችካል ወሰደው። ተቆጣጣሪዋም በዚያ ላይ አንድ ክንድ ጨመረችና ወለሉ ተወሰነ። እማዬ ያን ቀን ጥግብ ብላ በላች።

መሠረቱ እየወጣ ሲሄድ፣ ከሥራ ስመለስ በድንጋዮቹ መሃል መዘዋወር ለመድኩ። ግድግዳ የሌለው ቤት ደስ ይላል ልበልህ፤ ከጓዳ ሆነህ ወንዙን ታያለህ። አንተ ክፍል ስደርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። በር ሳይኖረው አንኳኩቼ የገባሁበት ቀን አለ፣ እንዳትስቅብኝ። ስተኛ ደግሞ ያንኑ ነው የማልመው። ቤቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ እማዬ ያን የቱምቢን ክር ጨብጣ እንደ ጥጃ ከኋላዋ ትስበዋለች፣ ውሃው ደግሞ ሙቅ ነው፣ ማንም አይቸኩልም።

ከዚያ የቀሚሱ ነገር መጣ። እማዬ ቤት የምትገባበት ይሁን ብላ ያንን ሰማያዊ ቀሚሷን አወጣች፤ አንተን የሸኘችበትን። የሰፋችላት ራሷ ልብስ ሰፊዋ ናት፣ ልክ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነበር የሚያርፈው። አሁን ብትለብሰው ጫፉ መሬት ጠረገ። ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ፣ መርፌዎቿን በከንፈሯ እንደያዘች፣ ጨርቅ ሲታጠብ ሲያጥር እንጂ ሲረዝም አላየሁም ብላ አጉረመረመች። ከዚያ ጫፉን ሽቅብ አጠፈችው። የታጠፈው አንድ ስንዝር ሙሉ ነው። ቀሚሱ አልረዘመም፣ ወንድሜ፤ እማዬ ናት ያጠረችው። ወገቧ ጎብጦ፣ ትከሻዋ ወርዶ፣ ዓይናችን ሥር አጥራለች። ያቺ ውሃው የነካት ደረቷ ያን ጊዜ ከዛሬው በስንዝር ከፍ ትል ነበር። ክሩ የታሰረው ዝቅ ካለ ቦታ ነው!

ጨርቁን ወርውሬ ወደ ግንባታው በረርኩ። ቱምቢ ከወለሉ ሥር የሚሞላውን ገረገንቲ ጠቅጥቆ ጨርሷል፣ በማግስቱ የወለሉ አርማታ ሊፈስ ነው፣ ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። ብነግረው ተቆጣ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አለኝ፣ እኔ የደቆስኩት ይመስል። አንድ ክንድ ትርፍ አለን፣ ስንዝሯን እሱ ይሸከማታል አለ። እኔም፣ ትርፉ ላላየነው ውሃ ነው፣ ያየነውን በእሱ ማቻቻል አይሆንም አልኩት። ተቆጣጣሪዋ ጋ ደወልኩ። ልክ ነሽ፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ ጨምሩ አለች። አንድ ረድፍ ማለት ግን ድንጋይ ማምጣት ነው፣ እንደገና መሙላት ነው፣ ዝናቡ ደግሞ ጠብቁኝ አላለንም።

ከሁሉ የከበደኝ ለእማዬ መንገሩ ነበር። ምልክቱ እኔ ነኝ ብላ ኮርታ የቆመችን ሴት፣ አጥረሻልና ተሳስተሻል እንዴት ይባላል? ለካ ተከትላኝ መጥታ ከኋላዬ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። «ታዲያ ስንዝሬ የት ገባ?» አለች። ራሷው «ሁለት ልጅ ናችሁ፣ ተካፍላችሁ በልታችሁታላ» አለችና ሳቀች፤ እኛም ሳቅን። በኋላ ግን ሳላስበው አየኋት፤ ብቻዋን አጥር በሩ ድንጋይ ላይ ቆማ፣ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ፣ ከዚያ ደግሞ ትንሽ ከፍ ታደርገዋለች፣ እጇ አየር ላይ እስኪቀር።

ተመልሳ መጥታ ቱምቢን «የጠፋብኝን ስንዝር እዚህ መልስልኝ» አለችው። እሱም ቀን ከቀን ደርድሮ ረድፉን አወጣው። ወለሉ ፈሰሰ፣ ግድግዳው ቆመ፣ ጣሪያው ታሰረ። ዕቃችንን አስገብተን ሳንጨርስ ነው የመጀመሪያው ዶፍ የወረደው። ወንዙ እስከ አጥር በሩ ወጣ፣ ድንጋዩን ዳሰስ አደረገና ተመለሰ። እማዬ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እያለች በመስኮት ተሳደበችው፣ ከዚያ ተኛች። ቆርቆሮው እየተንጫጫ፣ ቤቱ በሙሉ እያስተጋባ፣ እሷ ታንኮራፋለች። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ድምፅ በሕይወቴ አልሰማሁም።

እማዬ ጉንጭህንና ግንባርህን ስማሃለች፤ ጉልበትህን ሙቅ ነገር ሸፍንበት ብላሃለች። ልብስ ሰፊዋ ለትንሿ ቀሚስ ጀምራለች፣ ልኳን ላክላት፤ እንደ እኛ ቤት በግምት እንዳይሆን። ቱምቢ የክፍልህን በር ከፍ አድርጌ ሠርቼዋለሁ፣ ግንባሩን አይመታም በይልኝ ብሏል። ለሚስትህ የእህትነት ሰላምታዬን፣ ለትንሿ ደግሞ ሁለት ጉንጯን ሙሉ መሳሜን አድርስልኝ።

ደብዳቤውን ለእማዬ አንብቤላታለሁ። ማጠሬን እንዳትጽፊለት ብላ ስላስጠነቀቀችኝ የቀሚሱንና የስንዝሩን ዘልዬ ነው ያነበብኩላት። አንቺ፣ ወረቀቱ ብዙ ነው፣ ያነበብሽው ትንሽ ነው አለችኝ። እኔ ግን ይህቺን ሳልነግርህ አላሽገውም። ስትመጣ የላይኛው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆማ ነው የምትጠብቅህ። ዛሬ ጠዋት ስትለማመድ አይቻታለሁ። ሮጠህ አጠገቧ እንዳትወጣ፣ ወንድም ጋሼ። ካለችበት አንድ ደረጃ ዝቅ ብለህ ቁምና እቀፋት። ከዚያ ሆነህ ስታያት፣ የዛን ቀን የሸኘችህን እማዬን ታህላለች።

እህትህ፣
ከወንዙ ዳር፣ ከአዲሱ ቤት ደረጃ ላይ፤
በክረምቱ መግቢያ፣ ዝናብ ባባራበት ጠዋት።