ስለ መስኮቱ አሠራር ለጠየቅኸኝ

ውድ ሙሉብርሃን፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ትርጉም አትፈልግለት።

መልእክትህ ደርሶኛል። ከቦንጋ ከሄድክ ወዲህ የመጀመሪያህ ነው። «እንዴት ነሽ» የምትል ቃል ፈልጌ አጣሁበት። አልገረመኝም። አዲስ አበባ አሮጌ ቤት ተከራይተሃል፤ መስኮቱ የድሮ የሳንቃ መስኮት ነው፤ ብርዱና የታክሲው ጩኸት እንቅልፍ ነስቶሃል። ስለዚህ «የእኛን ቤት መስኮት እንዴት እንዳሠራሽው አስረጂኝ» ትላለህ። ቤቱ የአባቴ የወርቅአፈራሁ ነው። አንተ የኖርክበት በእንግድነት ነው፤ እንግድነቱንም አላወቅክበትም።

ቢሆንም አስረዳሃለሁ። አሠራሩን የምነግርህ ግን ከነታሪኩ ነው፤ ቆርጬ የምልክልህ ነገር የለም።

ተመድበህ ቦንጋ ስትመጣ ስለ ጭጋጉ፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ምግቡ አማረርክ። እኔ ደግሞ የዋህ ነበርኩና ሰው አገሩን ሲናፍቅ እንዲህ ይሆናል ብዬ አዘንኩልህ። ተጋብተን አባቴ ቤት ስንገባ ማማረርህ ቤቱ ላይ ዞረ። እውነት ነው፣ ቤቱ አርጅቷል። የዋንዛው ሳንቃ በበጋ ይኮማተራል፣ በክረምት ያብጣል፤ ግድግዳው ከመቃኑ ሸሽቶ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። ጠዋት ጭጋጉ አልጋችን ድረስ ይመጣ ነበር። ፊት ለፊት ወፍጮ ቤቱ ይጮኻል፣ ከወፍጮው ወዲያ የመኪና ተጣሪዎቹ «ሺሺንዳ፣ ሺሺንዳ» ይላሉ፣ አይሱዙዎቹ ዳገቱን እያቃሰቱ ይወጣሉ። ይህን ሁሉ አንተ ከመምጣትህ በፊት እኔም ሰምቼዋለሁ። አንተ ግን ለአንተ ተብሎ የመጣ አስመሰልከው።

የመሥሪያ ቤት ጓደኞችህን ምሳ በጋበዝንበት ቀን ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ? «ይሄ ቤት ሳይሆን ወንፊት ነው፤ ጫካውን ሁሉ አጥልሎ ያስገባል።» ሳቁልህ። እኔ ወጥ እየጨመርኩላቸው ነበር።

መስኮቶቹን ነቅለህ አሉሚኒየም ልታስገባ ፈለግህ። አናጢውን አብዱን ጠርተህ አስለካኸው። እሱም «ይነቀላል፣ ችግር የለውም» አለህ። ሥራ ነው ለእሱ፤ ምን ያድርግ። እኔ ግን እንቢ አልኩ፤ አባቴ የሠራው መስኮት በቁሙ ይጠገናል እንጂ ለማገዶ አይሰጥም አልኩ። አኮረፍክ። ማኩረፍ ሲሆን አትሰንፍም።

እንግዲህ አሠራሩ ይኸውልህ። ነፋስ ባለበት ቀን ሻማ አብራና በመቃኑ ዙሪያ ቀስ እያልክ አዙረው። እሳቱ ዘንበል ያለበት ቦታ ሁሉ ብርድ የሚገባበት ነው፤ ብርድ በገባበት ደግሞ ጩኸትም ይገባል። እኔና አብዱ እንዲህ አድርገን ቀዳዳዎቹን በጠመኔ ምልክት አደረግንባቸው። አንተ ሶፋው ላይ ተቀምጠህ ስልክህን ትነካካለህ፤ «እነዚህ ሰዎች ጸሎት ጀመሩ እንዴ» አልክ። ከዚያ የላላውን ጭቃ ፍቀን አወጣንና ከጭድ ጋር በደንብ የቦካ ጭቃ በጣታችን እየጠቀጠቅን ሞላነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አትደንግጥ፣ ድገመው። የአንተ ቤት የድንጋይ ከሆነ ግንበኛ ጠይቅ፤ እኔ የማውቀው የጭቃ ቤት ነው።

የመስኮቱ ክንፍ ከመቃኑ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪያ ቀጭን ጎማ ቆርጠህ በትንንሽ ሚስማር ምታበት። ወፍራም አታድርገው። አብዱ መጀመሪያ አወፈረውና መስኮቱ አልገጥም ብሎ ማጠፊያው ተገነጠለ፤ እንደገና መሥራት ነበረበት። ከውስጥ በኩል ደግሞ ባለ መስታወት ሌላ ክንፍ አስገባ፤ በሳንቃውና በመስታወቱ መሀል ስንዝር ያህል ክፍተት ይኑር። ጩኸቱን የሚያደክመው መሀል የታሰረው አየር ነው። መስታወቱ ወፈር ያለ ይሁን። ከዚያ እስከ ወለል የሚወርድ ወፍራም መጋረጃ ስቀል። ጠዋት ጠዋት ግን ክፈተው፤ ካልከፈትከው ግድግዳው ይሻግታል። እንዲህ በታሸገ ቤት ውስጥ ከሰል እንዳታነድ። ሞትህን አልፈልግም፤ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ግን አላውቅም።

መስታወቱ ስላልበቃን ሦስቱን የመንገድ በኩል መስኮቶች ብቻ ነበር የሠራነው። በጓሮ በኩል ወደ እትዬ ዓባይነሽ ግቢ የሚያየው ጎማና ጭቃ ብቻ ነው የተደረገለት። ይህን ልብ በል፤ ተመልሼ እመጣበታለሁ።

ሥራው ሲያልቅ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ወፍጮው ከሩቅ እንደሚያጉረመርም ሰው ሆነ፣ ተጣሪዎቹ ጠፉ፣ ጠዋት እግሬን ስዘረጋ አልጋው ሞቀኝ። ያን ሳምንት ጓደኞችህ ሲመጡ መስታወቱን በጣትህ እያንኳኳህ «ዲዛይኑን እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ እዚህ አገር ካልነገርካቸው አይሠሩም» አልካቸው። ጓዳ ሆኜ ሰማሁህ፤ ዝም አልኩ። ባሌ በሰው ፊት ትንሽ ቢዋሽ ምን አለበት ብዬ ነው።

አሁን ስለ እትዬ ዓባይነሽ። የእናቴ ጓደኛ ናቸው፤ እናቴ ስታርፍ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ታይፎይድ ይዞህ በተኛህ ጊዜ ጠዋትና ማታ አጥሚት እየሠሩ ያመጡልህ እሳቸው ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛውን የለመዱት ገበያ ላይ ነው። «አንተ»ና «አንቺ» ይቀላቀልባቸዋል። «ሙሌ፣ ነይ ብዪ» ሲሉህ አጥሚቱን ትጠጣለህ፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ አነጋገራቸውን እያስመሰልክ ታስቃለህ። ይህንንም ሰምቻለሁ።

ያ ቅዳሜ እኔ አክስቴ አርፋ ቢታ ገነት ከተማ ለቅሶ ሄጄ ነበር። አንተ «ዝናብ ነው፣ መንገዱ አይሆንም» ብለህ ቀረህ። ከሰዓት በኋላ እትዬ ዓባይነሽ ማገዶው እንዳይርስባቸው ሊያነሱ ጓሮ ወጡ፤ ጭቃው አዳለጣቸውና ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። መነሳት አልቻሉም። እዚያው ዝናብ ላይ ተኝተው ቆዩ፤ ያገኛቸው ተከራያቸው መምህር ሰላሐዲን ነው፣ ሊመሽ ሲል ከከተማ ሲመለስ። በባጃጅ ሆስፒታል ያደረሳቸውም እሱ ነው።

በማግሥቱ ስመለስ በር ላይ ተቀበልከኝ፤ ፊትህ ላይ ሐዘን ነበር። «መስኮቱ ነው፣ አብርሆት» አልከኝ። «ምንም አልተሰማኝም። እኔ ምን ላድርግ፤ እንዲህ አሽገሽው።»

አመንኩህ። ሆስፒታል የእድር ሴቶች ተሰብስበው ሳለ ያንኑ ደገምከው። «ቤቱን እንደ ጣሳ ያሸገችው እሷ ናት። እኔ ድሮም አሉሚኒየም ይሻላል ብዬ ነበር» አልክ። የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። ትርንጎ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት ሴት፣ ስትወጣ በጆሮዬ «ሰው ጎረቤቱን እስከማይሰማ ድረስ ይዘጋል?» አለችኝ። ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። አንተ ጎኔ ተኝተህ ታንኮራፋ ነበር። ቤቱ ጸጥ ያለ ስለነበር በደንብ ይሰማ ነበር።

አብዱን ጠርቼ «ንቀለው» አልኩት። «ምኑን?» አለኝ። «ሁሉንም፤ መስታወቱንም ጎማውንም።» አንዱን ክንፍ ነቅሎ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ሌላውን እስክመለስ እንዳይነካ ነግሬው ሆስፒታል ሄድኩ። ለእትዬ ዓባይነሽ ነገርኳቸው፤ «መስኮቱን እያስነቀልኩት ነው፣ ሁለተኛ ሲጣሩ እንድሰማ» አልኳቸው።

እጄን ያዙኝ። ይህን የነገሩኝ በካፊኖኖ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የምትስቅበት ነገር አታገኝበትም።

«መስኮቱ ምን አጠፋ?» አሉኝ። «ተይው።»

«እንዴት ልተወው፣ እትዬ? እየተጣሩ ሙሉብርሃን ሳይሰማዎት ቀረ እኮ።»

ሊናገሩ አልፈለጉም። ትዳሬን እንዳያፈርሱ ፈርተው እንደሆነ ኋላ ነው የገባኝ።

«ልጄ፣ ሰምቷል» አሉኝ። «ራዲዮ ከፍቶ ኳስ እያዳመጠ ነበር፤ እኔ እንኳ እሰማው ነበር። ስጣራ ራዲዮኑን ቀነሰው። ድምፄን ለየው፣ ሊመጣ ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ ትንፋሼም አልቆ ነበር። ትንሽ ቆየና መልሶ ጨመረው። ከቅድሙም አስበልጦ።»

«ምን ብለው ነው የተጣሩት?»

«ስሙን ነዋ። በአማርኛ ነው። በካፊኖኖ ብጮህ አልገባኝም ይላል ብዬ።»

ሙሉብርሃን፣ እዚህ ላይ ማንበብህን ትንሽ አቁም። ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ፊታቸው ጭቃ ላይ ሆኖ፣ እኚያ ሴት ለአንተ እንዲመችህ ቋንቋ መረጡ።

እቤት ስመለስ አብዱ ይጠብቀኝ ነበር። አንተ ቢሮ ነበርክ። አብዱን እሳቸው የወደቁበት ማገዶው ጋ ሄዶ እንዲቆም አደረግሁት፤ እኔ ራዲዮኑን ከፈትኩና የጓሮውን መስኮት ዘግቼ አንተ የምትቀመጥበት ቦታ ተቀመጥኩ። አብዱ ተጣራ። ሰማሁት። ቀስ ብለህ ጥራኝ አልኩት፤ ያንንም ሰማሁት። «እንግዲህ ልንቀለው?» አለኝ ሲመለስ። «የነቀልከውን መልሰህ ግጠመው» አልኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ገብቶታል።

ስትገባ ጃኬትህን እንኳ ሳታወልቅ ጠየቅሁህ። «ራዲዮኑን ለምን ቀነስከው?»

የቱን ራዲዮ አላልክም። መቼ አላልክም። ይህን ነው እስካሁን የምገረምበት፤ ለመዋሸት እንኳ ሰነፍክ። አየኸኝና «ምን ዓይነት ዝናብ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አልከኝ።

«አውቃለሁ። እሳቸው ላይ ነው የዘነበው።»

«ሰው አይጠፋም ብዬ ነው። ሰፈሩ ሙሉ ሰው ነው። ደሞ እሳቸው ሁልጊዜ ይጣራሉ፤ ለጨውም ይጣራሉ፣ ለክብሪትም ይጣራሉ።»

«መስኮቱ ነው ያልከውስ?»

«ምን ልበል ታዲያ?» አልክ። ይኼን ስትል ተቆጥተህ ነበር። እኔ ያስቸገርኩህ ይመስል ነበር።

ሁሉም ነገር ያለቀው በዚህች ቃል ነው። ሴት አገባህብኝ ብዬ ብፈታህ ኖሮ አገር ይረዳኝ ነበር። ሰካራም ብትሆን፣ ብትመታኝ፣ ለሽማግሌ የሚነገር ነገር ይኖረኝ ነበር። የአንተ ግን ለሽማግሌ እንኳ የሚያሳፍር ትንሽነት ነው። ክፉ ነህ ለማለት እንኳ አልበቃህልኝም። ክፉ ሰው ቢያንስ ይደክማል። አንተ የራዲዮ ቁልፍ ከማዞር በላይ አልደከምክም።

ሻንጣህን ይዘህ እንግዳ ማረፊያ ገባህ፤ ዝውውርህን እስኪጨርሱልህ ድረስ እድር ሲጠራ ቀረህ፣ ሆስፒታል አልደረስክም፣ ለሰላሐዲን እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ» አላልክም። ለሰው ግን «የአካባቢው ሰው ጠመደኝ» ብለህ አወራህ። የአካባቢው ሰው ያወቀው እኔ ስነግራቸው ነው። ለትርንጎ ነገርኳት፤ ለትርንጎ መንገር ለቦንጋ መንገር መሆኑን አውቄ ነው።

እትዬ ዓባይነሽ ተሽሏቸዋል። በከዘራ ይሄዳሉ። አልጋቸውን የመንገድ በኩል ክፍል አድርጌላቸው አብረውኝ ነው የሚኖሩት። ብርድ ለአጥንታቸው አይሆንም ብሎ ሐኪሙ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ ይኸው መስኮቱ ለሰው ጠቀመ። አብዱም የጓሮውን ባለ መስታወት ክንፍ አምና ጨርሶልናል።

መልእክትህን አነበብኩላቸው። ሳቁ። ከዚያ «ንገሪው እንጂ፤ ሰው በብርድ አይቀጣም» አሉኝ። የጻፍኩልህ እሳቸው ስላዘዙኝ ነው። እኔን ብትጠይቀኝ የምመክርህ ሌላ ነው፦ ገንዘብህን አታባክን፤ እንዲህ ያለ መስኮት የሚያስፈልገው የሰማውን እንዳልሰማ መሆን ለማይችል ሰው ነው። አንተ ላለመስማት ጎማም መስታወትም አያስፈልግህም።

የፍቺ ወረቀታችን ሲደርስ ፈርመህ ላከው። የቀረ ልብስህን አብዱ ሱቅ አስቀምጬልሃለሁ፤ ከዚያ ውሰድ። ቤት ድረስ አትምጣ። ብትመጣና ብታንኳኳ ግን አልተሰማኝም አልልም። ሰምቼህ ነው የማልከፍትልህ።

አብርሆት ወርቅአፈራሁ
ቦንጋ