ሻፊ የገባበት ፎልደር

አቃቂ በሰቃ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

የእህቴ ልጅ ዮዲዬ፣

ድሬዳዋ እንዴት ይዞሻል? እናትሽ ጉልበቷን ቢያማትም እኔን ለመቆጣት አቅም አላነሳትም። እኔም ከቅናት በቀር ደህና ነኝ።

በዚህ ዘመን በወረቀት መጻፌ ያስቅሽ ይሆናል። የሥራ ፎልደራችን ውስጥ ብጽፈው ሻፊ ቀድሞሽ ያነበዋል፤ በስልክ ብነግርሽ ደግሞ ሳልጨርስ ትስቂብኛለሽ።

ለሥራ ስትሄጂ የጭነት መኪና ካሶኒ፣ የዕቃ መጫኛውን፣ ልኬቶቼን ከደብተር አውጥተሽ ክላውድ ላይ ፎልደር ከፍተሽ ስታስቀምጪልኝ፣ ስድስተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ ሰውዬ ብቻዬን ተለማመድኩት። አንቺ እዚያ ትስያለሽ፣ እኔ እዚህ ስልኬን ከፍቼ ላሜራ እቆርጣለሁ። የሁለታችን ነበር። ባለፈው ወር «ሥራው በዝቷል» ብለሽ ሻፊን ፎልደሩ ውስጥ አስገባሽው።

ሻፊ ከመንገዱ ማዶ ያለ የስልጤ ልጅ ነው፤ ብየዳው ቆንጆ ነው፣ ይህን ለማንም እንዳትናገሪ። ያናደደኝ ሌላ ነው። እሱ ስዕልሽ ላይ አስተያየት ሲጽፍ «ግሩም ሐሳብ ሻፊ!» ትይዋለሽ። እኔ ስጽፍ «አይቻለሁ አጎቴ።» ለእሱ ቃለ አጋኖ፣ ለእኔ አራት ነጥብ! በቀን ስንት ጊዜ ከፍቼ እንደማነጻጽር ብታውቂ ታዝኚልኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ሰይጣን አሳሳተኝ። ሻፊ ሊሠራው የነበረውን የኋላ በር ስዕል ከፍቼ 210 ሳንቲሜትር የሚለውን 201 አደረግኩት። ግራ ገብቶት ይመጣል፣ እኔም «ና ላሳይህ» እለዋለሁ ብዬ ነበር። መጣም፤ ግን ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ።

«ጋሽ ሳህሌ፣ በሩ አልገጠመም» አለኝ። «ዮዲ ተሳስታ ነው መሰለኝ። እባክዎ አይንገሯት፣ ትደነግጣለች። እኔ ሌላ እቆርጣለሁ።»

ዮዲዬ፣ «እሺ» አልኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። ስህተትሽ መስሎት ሲሸፍንልሽ እንኳ ቀናሁበት፤ ይህን ማድረግ የኔ ድርሻ ነበር።

ትናንት ግን ካሶኒ የምንሠራላቸው መኪኖች ባለቤት ተሰማ የተበላሸውን ላሜራ አይቶ «ከእንግዲህ ስዕሉን ሌላ ሰው ይሥራልኝ» ማለቱን ሰማሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ሻፊ ጋ ስሄድ ተሰማም እዚያው ቆሟል። ስልኬን ከፍቼ ስዕሉን ማን መቼ እንደነካው የሚያሳየውን ዝርዝር አወጣሁላቸው። «ሳህሌ አስተካክሏል» ይላል፣ ከነቀኑ። አበላሽቷል ቢል ይሻል ነበር።

«አንተ ሽማግሌ፣ አታፍርም?» አለ ተሰማ።

ሻፊ ግን አፉን በእጁ ይዞ ሳቁን ታገለ። «ጋሽ ሳህሌ፣ በእኔ ቀንተው ነው?»

«በማን? በአንተ? ወግድ!» አልኩት። ስልኬን ኪሴ ከተትኩና «አዎ» አልኩ።

ተሰማ ስዕሎቹ በአንቺ እጅ እንዲቀጥሉ ተስማምቷል። በሩን እዚያው በራሴ ላሜራ ቆረጥኩለት፤ ሻፊ በየደው። ሲገጥም አንዲት ክር እንኳ አያሳልፍም፣ ምን አባቱ!

እኔ ስሳሳት ያንቺ ስም ስለጎደፈ ይቅር በይኝ። ይህን ደብዳቤ ስጀምር ልለምንሽ ያሰብኩት ሌላ ነበር፤ «ለእኔ ማየት ብቻ ፍቀጂልኝ፣ መንካቱን ከልክዪኝ» ልልሽ ነበር። ሳስበው ግን ተይው፣ አትከልክዪኝ። ዝም ብሎ ያየ ሰው ስሙ ዝርዝሩ ላይ አይወጣም። ስነካ ብቻ ነው ስሜ ካንቺ ስም ሥር የሚጻፈው።

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ የኔንም ዓይን ጨምሮ።

የሚወድሽ አጎትሽ
ሳህሌ