ግድግዳው ላይ የወጣው ጥያቄ

ማርች 6፣ ሐሙስ
ክቡር ደብተሬ ሆይ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያወራሁልህን ሳታቋርጥ፣ ሳታዛጋ፣ ለማንም ሳታሾልክ የተሸከምህልኝ፣ ከባልደረቦቼ ሁሉ ትዕግሥተኛው፤ ዛሬም ስማኝ። ወደ አዲሱ ክፍል ተዛወርሁ። አንዱ ግድግዳ በሙሉ ስክሪን ነው፤ ተማሪ በስልኩ የሚጽፈው ሁሉ ያለ ስም እዚያ ይወጣል። የምሰጠው ትምህርት «የጥንት ጽሑፎችን መርምሮ ማንበብ» ይባላል። እስከ ዛሬ ግን ማን መረመረ? የተናገርሁትን፣ ቀልዴን ሳይቀር፣ ቃል በቃል ጽፈው በፈተና ይመልሱልኛል።
«ተቃወሙኝ፤ ማን እንደሆናችሁ አልጠይቅም» አልኋቸው። ቃል ገባሁ።

ማርች 13
ሠላሳ አንድ ተማሪ። ተቃውሞ የለም። አንዱ «ፕሮፌሰር፣ ክራቫትዎ ያምራል» ብሎ ጻፈ።

ማርች 20
ከመጽሐፌ፣ የአንድ አውራጃ ገዥ ስለ ጎርፍ ለንጉሡ የጻፈውን አቤቱታ አስተማርሁ። ገዥው ጎርፉን በዓይኑ እንዳየ ጽፌአለሁ፤ አንድ ምዕራፍ በሙሉ በዚህ ላይ ቆሟል። ግድግዳው ላይ እንዲህ ወጣ፦ «በዓይኑ አየ የሚለው ከየት መጣ? የአቤቱታው ሦስተኛ መስመር "ሰዎች ነገሩኝ" ይላል።»
ፊቴ ጋለ። «ማነው ይህን የጻፈው?»
ሠላሳ አንድ ራስ አቀረቀረ።

ማርች 21
በጎረቤት ክፍል የምታስተምረው ፕሮፌሰር ፕዮ ምሳ ላይ ሳቀችብኝ።
«ምን ያስጨንቅዎታል? በመምህሩ ኮምፒውተር ላይ "ስም አሳይ" የሚል አለ እኮ። አንዴ መንካት ነው።»
«ቃል ገብቻለሁ።»
«ታዲያ ማነው ብለው ምን አስጮኸዎት?»
ማንኪያዬን አስቀመጥሁ። ሾርባዬም ቀዘቀዘ።

ማርች 24
የክፍሉ ተጠሪ ባንግ ሴ-ሪን አንድ ካርቶን የቫይታሚን መጠጥ ይዛ ቢሮዬ መጣች፤ ወገቧን አጥፋ እጅ ነሣች።
«በክፍሉ ስም ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ፕሮፌሰር። ሁለተኛ አይደገምም።»
«ምኑ?»
«ጥያቄው።»
«የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»
«አይደለሁም... ብሆንም አልነግርዎትም ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»
«የጻፈውስ?»
«ስሙን ከትምህርቱ ሊሰርዝ ነው ሲሉ ሰማሁ። እስከ ዓርብ ይቻላል።»
መርምሩ ብዬ ያስተማርሁት፣ በካርቶን መጠጥ ይቅርታ የሚጠየቅበት ጥፋት ሆኖ ተመለሰልኝ። ከሄደች በኋላ ኮምፒውተሩን ከፈትሁ። ስሙን ባውቅ ጠርቼ «አትሂድ» እለዋለሁ... በጎ ምክንያት አይደለም? ጣቴ «ስም አሳይ» ላይ ቆየ። ዘጋሁት። ሦስተኛውን መስመር አነበብሁ። «ሰዎች ነገሩኝ» ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት በላዩ አልፌበታለሁ።

ማርች 27
የመጽሐፌን ገጽ ግድግዳው ላይ አውጥቼ ከሥሩ በገዛ ስሜ ጻፍሁ፦ «ይህ ስሕተት ነው። ጠያቂው ልክ ነው። "ማነው" ማለቴም ሌላ ስሕተት ነው። ክዋክ ቶክ-ሱ።» ተቀመጥሁ።
ከዚያ ወጣ፦ «ታዲያ ምዕራፉ በሙሉ ይፈርሳል?»
ሌላው፦ «ለምን ይፈርሳል? የነገሩት ሰዎች አይተው ይሆናላ።»
ሦስተኛው፦ «አንተ ደግሞ! ይሆናል ማለት ማስረጃ ነው?»
አርባ ደቂቃ እርስ በርሳቸው ተከራከሩ፤ በመምህርነት ዘመኔ ይህን ያህል ዝም ብዬ አላውቅም። ከወደ ኋላ አንዷ ስልኳን አስቀምጣ፣ እጇን አውጥታ፣ በአፏ ጠየቀች።

ማርች 31
የተማሪዎቹ መዝገብ መጣ፤ ሠላሳ ተማሪ ይላል። ኦ ጁን-ሴ የሚባል፣ በመስኮቱ በኩል ይቀመጥ የነበረ ልጅ፣ ረቡዕ ዕለት ሰርዟል... ስሕተቴን ካመንሁበት ሐሙስ አንድ ቀን ቀድሞ። ጠያቂው እርሱ ነበር? ወይስ ጠያቂው እስካሁን ከሠላሳዎቹ አንዱ ሆኖ ተቀምጧል? አንዴ ብነካ አውቃለሁ። ይህን ያህል ማወቅ የፈለግሁት ነገር ብዙ የለም፤ እጄንም አላምነውም።
ለቴክኖሎጂ ክፍል የላክሁት ይህ ነው፦ «ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ከእኔ ኮምፒውተር ላይ "ስም አሳይ" የሚለውን አጥፉልኝ።»