የዓርቡ መርፌ

ማክሰኞ

ትኩሳቱ ዛሬም ተመለሰ። ጠዋት የለም፤ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ሌሊት በላብ ታጥቤ እነቃለሁ። ጉንፋን እንዲህ አይመላለስም። ሳል የለኝም፤ ይህ ግን የሳንባ ነቀርሳ አለመሆኑን አያረጋግጥም፤ በተለይ እንደ እኔ ለቁርጥማት ባዮሎጂክ መርፌ ለሚወስድ ሰው። መድኃኒቱ መገጣጠሚያዎቼን የሚያጠቃውን የገዛ ሰውነቴን መከላከያ ይገታል። ያው መከላከያ ደግሞ ተደብቆ የተኛ በሽታ እንዳይነሳ የሚጠብቅ ነው። ከመጀመሬ በፊት ተመርምሬ ነፃ ተብያለሁ፤ ያ ግን የዚያን ጊዜ ውጤት ነው።

ቀጣዩ መርፌ ዓርብ ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ተቀምጧል። ለባለቤቴ ለከድር "ትንሽ ደክሞኛል" ብቻ አልኩት።

ረቡዕ

በአፈር ቤተ ሙከራችን ከሁሩታ የመጣ ናሙና ስመዝን ዋልኩ። ጠርሙሶቹን ሁሉ ራሴ ከፈትኩ። ይህን የምጽፈው በምክንያት ነው፤ መርፌውን ሳልጀምር በፊት ክዳን ለማስከፈት ባልደረባዬን እጠራ ነበር። "ማስተርስሽን የሰጡሽ ክዳን መክፈት ሳያስተምሩሽ ነው?" እያለ ይስቅ ነበር። እኔም እስቅ ነበር፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር።

ስለዚህ ፍርሃቴ ሁለት ነው። ብወጋ፣ ያልታወቀው ነገር ይስፋፋል። ባልወጋ፣ እጆቼ ወደ ቀድሞ ሕመማቸው ይመለሱብኛል።

አዲስ አበባ ላለችው ሐኪሜ ደወልኩ። "ትኩሳት እያለሽ እንዳትወጊ። ነገ እዚያው አሰላ የደረት ራጅ ተነሺ፣ ደምም ስጪ" አለችኝ። ቀጥላ "ጥሬ ወተት ጠጥተሻል?" ስትል ጠየቀች።

ጠጥቻለሁ። ከሳምንታት በፊት ሳጉሬ፣ ከከድር እናት ከአዮ ዘንድ። ጎረቤቶች ተቀምጠው ነበር። "አዮ፣ ቢፈላልኝ?" ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። "ምነው፣ ዕቃዬ ቆሽሾ አየሽው? በወይራ ያጠንኩት ነው፤ ምን ይነካዋል?" ጭሱ ዕቃውን እንጂ ወተቱን እንደማያክም አውቃለሁ። ሰው ፊት ላሳፍራቸው አልቻልኩም። ጠጣሁት፤ ጣፈጠኝም።

ሐሙስ

ራጅ ተነሳሁ፤ ደም ሰጠሁ። የራጁ ባለሙያ "ትንፋሽ ያዢ" ሲለኝ፣ ለመልቀቅ እስኪፈቅድልኝ ድረስ ያሰብኩት ልጆቼን ነው። ውጤቱ ነገ ነው።

ለከድር ሁሉንም ነገርኩት። ሲፈራ ስልክ ያነሳል፤ እናቱ ጋ ደወለ። ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው።

"ወተቴ ነው ምራቴን ያሳመማት? ከድር፣ አፍህን ሰብስብ! እኔ ስንት ዘመን ስጠጣው ኖርኩ፤ ወገቤን ከሚቆርጠኝና ሌሊት ከሚያልበኝ በቀር ምን ሆንኩ?"

ከድርና እኔ ተያየን።

"ያልብዎታል? ከመቼ ጀምሮ ነው አዮ?" አልኩ።

"እርጅና ነዋ! ላሚቱ ከጨነገፈች ወዲህ ደግሞ ብስጭቱ አለ። የሰው ዓይን ነው የበላት።"

ላሟ መጨንገፏን ማንም አልነገረን። ጥሬ ወተት፣ የጨነገፈች ላም፣ በሁለታችንም ላይ ላብ። ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም። ቢሆንም ከማክሰኞ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነቀርሳ ሌላ ነገር ማሰብ ቻልኩ። አዮ ነገ እንዲመጡ ለመንናቸው። "የመንገዱን ገንዘብ ለላሚቱ ክፈሉላት፤ የታመመችው እሷ ናት" ብለው ዘጉት።

ዓርብ

ራጁ ንጹሕ ነው። በደሜ የተገኘው ብሩሴላ ነው፤ ላምን የሚያስጨነግፍ፣ ከከብት በጥሬ ወተት ወደ ሰው የሚተላለፍ። በሁለት ዓይነት መድኃኒት ለሳምንታት ይታከማል፤ ይድናል። ዛሬውኑ ጀመርኩ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ወደ አዲስ አበባ ደወልኩ።

ለሐኪሜ ስነግራት መርፌው ኢንፌክሽኑ ፈጽሞ እስኪጠፋ መቆም አለበት አለች። ለዓመታት ያልደፈርኩትን ጥያቄ ያኔ ጠየቅኋት፤ "ዕድሜዬን ሙሉ ብወስደውስ?"

"ውጭ አገር ለረጅም ዓመታት ወስደውት ክትትል የተደረገላቸው ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹን ጠቅሟቸዋል፣ ዋናው ሥጋት ኢንፌክሽን ነው። ነቀርሳና ጥሬ ወተት በበዛበት እንደ እኛ ባለ አገር ግን የምናውቀው ትንሽ ነው። አውቃለሁ ብዬ አልዋሽሽም" አለችኝ።

አመንኳት። ፍርሃቴ ግን አልቀነሰም፤ ቅርጽ ያዘ እንጂ።

የዛሬው መርፌ ማቀዝቀዣው ውስጥ ቀረ። አዮ አልመጡም።

እሑድ

አዮ ትናንት በሚኒባስ መጡ፤ አኩርፈው። የእሳቸውም ደም ያንኑ አሳየ። ወረቀቱን ገልብጠው አዩትና "እና እኔ ነኝ አንቺን የመረዝኩሽ?" አሉ።

"እርስዎ አይደሉም፤ አብረን ነው የታመምነው" አልኳቸው።

 ዛሬ ጠዋት ወተቱን ራሳቸው አፈሉ፤ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። "የፈላ ወተት የበሽተኛ ነው።"

"እኛስ ምንድን ነን?"

"ዝም ብለሽ ጠጪ!"

ሰኞ

ትኩሳቱ ከሰዓት በኋላ አልመጣም። ትናንትም አልመጣም።

ጠዋት ግን የሹራቤ ቁልፍ አልቆለፍ አለኝ። አዮ ዓይተው ሳይጠይቁ ቆለፉልኝ፤ እስከ አንገቴ፣ እንደ ሕፃን። "ያ መርፌ መቼ ነው የሚመለሰው?" አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ሐኪሜም ቀን አልቆረጠችም።

ይህን የምጽፈው እስክሪብቶውን በጡጫዬ ይዤ ነው። ፊደሎቹ ትልልቅ ሆነዋል፤ ግን ይነበባሉ።