የላክህልን ማጫወቻና የእማዬ እንግዳ

ለወንድሜ ለትንሹ፣

እንደምን ሰነበትህ፣ እንደምንስ ከረምህ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ ያ መጋዘን አሁንም ካርቶን ያሸክምሃል? ባለቤትህ እንዴት ናት? ትልቁ ልጅህ ትምህርቱን ያዘ? ትንሿስ ጥርስ አበቀለች? ብርዱ እንዴት ያደርጋችኋል? ካልሲ ታደርጋለህ ወይስ እንደ ልማድህ በባዶ እግርህ ወለሉን ትረግጣለህ? መቼም እኔ ልጠይቅ እንጂ አንተ መልስ ላይ ሰነፍ ነህ፤ ለሁሉም መልስህ "ደህና" ነው።

እኛ አለን። እማዬ ሰውነቷ ደህና ነው፣ ትበላለች፣ ትስቃለች፤ ማስታወሷ ግን ከቀን ወደ ቀን እየሳሳ ነው። የጠዋቱን ለከሰዓት አታደርሰውም። አንተን ግን አልረሳችህም፤ ጢምህ ሸብቶም ዛሬም "ትንሹ" ነህ። እኔ ደክሞኛል። አስቀድሜ ልበለውና ይውጣልኝ፤ ደክሞኛል ወንድሜ። የሰው ፊት እያየሁ መሳቅ ሁሉ ሥራ ሆኖብኛል።

ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ። ስደውል ወይ መስመሩ ይቆራረጣል፣ ወይ አንተ "እሺ፣ እሺ" ብለህ ትዘጋዋለህ። ነገሩ እንዲህ ነው። የደንብ ልብስ የምሰፋበት ቤት አለቃችን፣ ከእንግዲህ በሥራ ሰዓት አንድ ጊዜ ጥለሽ ብትወጪ የስፌት መኪናሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብላኛለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ዓመት ሙሉ ታግሣኛለች። እማዬ ብቻዋን ስትሆን ከቤት ትወጣለች፤ ከዚያ የማዕዘኑ ባለ ሱቅ ይደውልልኛል፣ እኔም መቀሴን ወርውሬ እሮጣለሁ። አንድ ቀን በሩን ቆልፌባት ሄድሁ። ስመለስ በሩን ስትደበድብ ውላ መዳፏ አብጦ አገኘሁት። አልደግመውም፤ እንጀራዬ ቢዘጋም አልደግመውም።

ቤት ውስጥ ሰው ሲያወራ ከሰማች ግን ቁጭ ትላለች። ማጫወቻ ላክልኝ ያልሁህም ለዚህ ነበር። በሰላም ደርሶናል፣ እጅህ ይባረክ። የመመሪያው ወረቀት የማናውቀው ቋንቋ ስለሆነ ሥዕሉን እያየን ነው የገጠምነው። ባለቤቴ፣ ያን የሚያህል የጭነት መኪና የምነዳ ሰው ይህቺ ታቅተኛለች ወይ ብሎ ፎከረና የቻርጀሩን ገመድ በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ሊያስገባ ሲታገል አረፈደ። ኋላ ሞባይል ጠጋኙን ጠራነው፤ ሰፈሩ "ፊውዝ" የሚለውን፣ ቶሎ የሚቃጠለውን። እሱ ሚሞሪ ካርዱን ትረካ በትረካ ሞላልን፤ አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰውዬ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያወራበት ነው። መጀመሪያ ሰሞን እሰይ አልን። ከዚያ ቀን በቀን እየጠፋ ያስቸግረን ጀመር። እማዬም ትወጣለች፣ ባለ ሱቁም ይደውላል፣ እኔም እሮጣለሁ።

እስቲ ፊውዝ ጠይቂልኝ ያለኝን ልጻፍልህ፣ አንተ ያለህበት አገር የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማጫወቻው በራሱ አይነሳም፤ ሰው መጥቶ ቁልፉን እስኪነካው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ልክ መብራት ሲመጣ በራሱ ካቆመበት እንዲቀጥል የሚያደርግ ማስተካከያ አለው? ፓወር ባንክም ሰክተንበት ነበር፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነብን። ማጫወቻው የሚስበው ኃይል በጣም ትንሽ ስለሆነ ፓወር ባንኩ ምንም የተሰካበት የለም ብሎ ራሱን ያጠፋል ይላል ፊውዝ። ትንሽ ለሚስብ ዕቃ የማይጠፋ ዓይነት ይኖራል ይባላል፣ ካገኘህ ስሙን ብቻ ላክልን። ቻርጀሩ ደግሞ ያንተው ተቃጥሎ በአሮጌ የስልክ ቻርጀር ነው የምንሠራው፤ ሳጥኑ እንደ ምጣድ ይግላል። ቻርጀሩ ላይ ስንት ቮልት፣ ስንት አምፔር የሚል መሆን አለበት? ደግሞ በጠፋ ቁጥር ከመጀመሪያው ትረካ ይጀምራል። እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። ለእማዬ ግን ሁልጊዜ አዲስ ነው፣ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ትደነግጣለች።

ባለፈው ማክሰኞ ትኩሳት ይዞኝ ከሥራ ቀረሁ። መጋረጃው ጀርባ ተኝቼ ነበር፣ እማዬ መኖሬን ዘንግታዋለች። መብራት አልሄደም፣ ሰውዬውም ይተርካል። እሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ "እህ... ወይ ጉድ..." ትለዋለች። ቆየት ብላ ተነሣችና ንጹሕ ብርጭቆ ፈልጋ፣ ውሃ ቀድታ ማጫወቻው ፊት አስቀመጠች። ይጠጡ እንጂ፣ ጉሮሮዎ ደረቀ እኮ አለችው። ሰውዬው ወሬውን ቀጠለ። እጇን ሳጥኑ ላይ አሳረፈችና፣ ውይ በሞትሁት፣ አተኩሶዎታል፣ በሉ ትንሽ ይረፉ ብላ ገመዱን ነቀለችው! ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ የዳቦውን ዕቃ ከፈተች፤ ባዶ ነው። ሻርፗን አጣፍታ በቀስታ በሩን ከፍታ ወጣች። እያተኮሰኝ ተከትዬ ደረስሁባት። ወዴት ነው እማዬ ብላት፣ እንግዳው እንዳይሰማ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ባዶ አፉን ተቀምጦ ሲያጫውተኝ ቁራሽ እንኳ አላቀረብሁለትም፣ ምን ያለ ነውር ነው፣ ዳቦ ልገዛ ነው አለችኝ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስሁ። መብራቱን ስንረግም፣ ከፊውዝ ጋር ስንጨቃጨቅ፣ ገመድ ስንቀያይር ስንት ጊዜ ከረምን! ቤት ያስቀምጥልናል ያልነው ዕቃ ነው ለካ ከቤት የሚያስወጣት።

ከዚያ ወዲህ ያልሞከርሁት የለም። ዳቦ አስቀድሜ ባቀርብለት፣ ለምን አይበላም፣ ምን አስቀየምሁት ብላ ተክዛ ዋለች። ዘፈን ብቻ ባደርግላት ሠርግ ያለ መስሏት ልብስ ልትቀይር ተነሣች። የራሴን ድምፅ ቀድቼ ባሰማት ደግሞ አልጋ ሥር፣ መጋረጃ ጀርባ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ስትፈልገኝ ዋለች። ስመጣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ የት ተደብቀሽ ነው አንቺ ልጅ አለችኝ።

የቀረኸው አንተ ነህ። አንተ ስትደውል ስልኩን ጉንጯ ላይ ለጥፋ ንቅንቅ አትልም። ውሃ ልቅዳ አትል፣ ፈልጋህም አትነሣ፤ ሩቅ መሆንህን እንዴት እንደሆን እንጃ አትረሳውም። ስለዚህ ድምፅህን ቅዳልኝ። በስልክህ መቅጃ ቀድተህ በመልእክት ላክልኝ፣ ካርዱ ላይ መጫኑን ፊውዝ ያውቅበታል። ያችን "ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኑ" የምትለዋን ግን ተዋት፤ እሷን ስንቴ ሰማናት። ረጅም ወሬ አምጣ። ስለ ካርቶኑ አውራ፣ ስለ አለቃህ ማጉረምረም ትችልበታለህ፣ ስለ ልጅህ ጥርስ፣ ወጥ ስላሳረርህበት ቀን። በየመሃሉ ትንሽ ዝም በል፣ "እህ" ማለት ትወዳለች። እመጣለሁ ብቻ እንዳትል። እመጣለሁ ካልህ መናኸሪያ ሄዳ ነው የምትጠብቅህ፣ እኔም ከእንግዲህ የመሮጫ ጉልበት የለኝም። ደክሞሃል፣ አውቃለሁ፤ ከሥራ ስትገባ አልጋው ይጠራሃል። እኔም እንደዚያው ነኝ፣ ተራ እንያዝ።

ባለቤትህን በጣም ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆነልኝ። ትልቁን ልጅህን አክስትህ ትወድሃለች በለው፣ የትንሿን ጉንጭ ስምልኝ፣ አማትህንም እንደምን ናቸው በልልኝ። ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው፤ ቢኖር ሰላም በይልኝ ይል ነበርና እንዳለ ቁጠረው። ባለ ሱቁም ሰላም ብሎሃል። ፊውዝ ደግሞ የቻርጀሩን ቁጥር እንዳይረሳ ይላል። እማዬ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን እያየች ነው። ለማን ነው የምትጽፊው ብትለኝ ለትንሹ አልኋት። ሰላም በይልኝ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ በልቶ ይሆን? አለችኝ። ስትቀዳ ከዚህ ጀምርላት።

እህትህ

ከእማዬ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
እሑድ ከሰዓት፣ የካቲት 9