ከእርድ እርድ

ወንድሜ ያቤጽ፣

እንደምን ከረምክ? የጀርመን ብርድ እንዴት አደረገህ? ጨጓራህ ተሻለህ? ዓይንህስ? ጉልበትህስ? የጉልበትህን የምጠይቀው ለወግ አይደለም። በእናት በኩል የሚወረስ ከሆነ ከአሁኑ እንድታውቀው ብዬ ነው። የእኛን ጤና ብትጠይቀኝ፣ በዚህ ዓመት ጤና ያየሁት ሽንኩርት በምጭንባት ከተማ በዓለም ጤና ነው፤ እሱም ስሟ ላይ። ስልክ ስለማታነሳ ይህን ወረቀት ወደዚያው ለሚበረው ለአማኑ ሰጥቼዋለሁ። በእጁ ሳታስረክብ እንዳትመለስ ብዬዋለሁ።

እማዬ አለች። አለች ስልህ ተቀምጣ አለች። ቀኝ ጉልበቷ እንደታጠፈ ቀርቶ አልዘረጋ ብሏል፤ ግራው ገና ይከራከራል። ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤት ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች። እርድ ስትበጠብጥና ስትለቀለቅ ስለምትውል መዳፏ ቢጫ ሆኗል፤ ኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር የእጇ አሻራ ነው። ቀለም ቀቢ አምጥቼ ባሳየው፣ ሕፃን አላችሁ እንዴ አለኝ። እማዬ ከውስጥ ሰምታ፣ አዎ፣ ገና መራመድ ያልጀመረ አለችው።

ነገሩን ከሥሩ ላስታውስህ። አምና ሐኪሙ፣ በጉልበቷ አጥንቶች መሃል ያለው ልስልስ ነገር በዕድሜ ስላለቀ መገጣጠሚያው በቀዶ ጥገና ይቀየር ብሎ ተራ ሲሰጣት፣ ደውላ ያማከረችው አንተን ነበር። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋው ስለነበር ሰምቼሃለሁ። እርድ ውስጥ ያለ አንድ ነገር እብጠትና ሕመሙን እንደሚያበርድ፣ የልስልሱንም ማለቅ እንደሚያዘገይ፣ ቤተ ሙከራችሁ ውስጥ ባረጁ አይጦች ላይ እያያችሁ እንደሆነ ነገርካት። ዝንጅብሉንና ጥቁር አዝሙዱንም ጨመርክላት። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው አልክ። አይጥ ያልከው አንዴ ነው። ተስፋውን ግን እየደጋገምክ ነው ያጎረስካት። ስልኩን እንደዘጋች፣ ልጄ ከእርድ እርድ መረጠልኝ ብላ ሳቀች። ቀዶ ጥገናውን መታረድ ማለቷ ነው። ቀልዱን ስለወደደችው ለጎረቤት ሁሉ አዳረሰችው።

በዚያ ብትቆም ጥሩ ነበር። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ወጣች። እርዱ ይሁን ደስታው አላውቅም፣ ያን ሰሞን እውነትም ቀለል ብሏት ነበር። ማይኩን ይዛ፣ ጌታ በልጄ እጅ መድኃኒት ሰጥቶኛል፣ ኪኒኔንም ከዘራዬንም ጥያለሁ አለች። ጉባኤው እልል አለ። ፓስተር ዲበኩሉ ከዘራውን ተቀብለው መድረኩ ጥግ አቆሙት፤ እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል። አንተም በዚሁ ቤት ነው ያደግኸው፣ የመሰከረ ሰው ምስክርነቱን እንደማይመልስ ታውቃለህ። ሕመሙ ሲመለስ ሌላ ከዘራ ይዛ በየትኛው በር ትግባ? ያለ ከዘራ ሄደች፤ ጥርሷን ነክሳ፣ ለሰው ፈገግ እያለች። ሄዳ ሄዳ ቀረች። አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ጉንፋን ይዟታል እላለሁ። አንድ ክረምት አልፎት በጋውን የያዘ ጉንፋን።

የቀዶ ጥገና ተራዋን ያኔውኑ ለቀመሪያ ሰጠቻት። አጥር የምንጋራትን ቀመሪያን መቼም አትረሳትም፤ በረመዳን ሳምቡሳዋን እየጠበቅህ አጥሩ ላይ ትንጠለጠል ነበር። የእሷም ጉልበት እንደ እማዬ ነበር፣ ሐኪማቸውም አንድ። እማዬ፣ አንቺ ግቢ፣ እኔ ልጅ አለኝ አለቻት። ቀመሪያ አልወለደችም። አሁን በተቀየረ ጉልበቷ ዘንቢሏን አንጠልጥላ በመስኮታችን ሥር ወደ ገበያ ታልፋለች። ስትመለስ ለእማዬ እርድ ገዝታ ትሰጣታለች። ከልቧ ነው። እማዬ እርዱን ትቀበልና የቀመሪያን እግር ታያለች።

ሐኪሙ በቅርቡ አይቷት፣ አሁንም ይቻላል፣ ግን ጡንቻዋ እየሟሸሸ ነው፣ ከቆያችሁ ቢቀየርም አትራመድም ብሎናል። እሷ ደግሞ ያቤጽ ሳይፈቅድ ቢላዋ አይነካኝም አለች። ስለዚህ ደውልላት። የነገርኩሽ ስለ አይጥ ነው፣ ላንቺ ገና መድኃኒት አልሆነም፣ ቀዶ ጥገናውን ግቢ በላት። ተስፋ ሰጪ እንዳትል። እሱን ለምሁሮችህ አስቀምጠው። ስልክ የማታነሳው አፍረህ እንደሆነ አውቃለሁ። አንተ እዚያ ስታፍር እሷ እዚህ ትንፏቀቃለች። ሥራህ ውሸት ነው አላልኩም። አንድ ቀን ከእርዱ ደህና ኪኒን ታወጡ ይሆናል። ያን ቀን እማዬ የት እንደምትሆን ሁለታችንም እናውቃለን።

ልጄ ሀሴት ሰላም ብላሃለች። ባለቤቴ ደገፋ ሰላም ብሎሃል፤ የአይጥ ሐኪሙ እያለ ነው የሚጠራህ። ፓስተር ዲበኩሉ ሰላም ብለውሃል፤ ስትመጣ መድረክ ላይ ሊያወጡህ ይፈልጋሉ። ቀመሪያ ቆማ ሰላም ብላሃለች።

እማዬ ሰላም ብላሃለች። ለአይጦቹም ሰላምታ ልካለች፤ አንድ መድኃኒት የምንወስድ ዘመዶቼ ናቸው፣ እጸልይላቸዋለሁ አለች። ተራመዱ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንዳንዶቹ ተራምደዋል ብሎኛል አልኳት። የተራመዱትንስ ምን አደረጓቸው አለች። ስልክ ታነሳ በነበረ ጊዜ ለእኔ የነገርከኝን ነገርኳት፤ ጉልበታቸውን ከፍታችሁ ለማየት እንደምትገድሏቸው። ከዚያ መዳፏን ገልብጣ ቢጫውን አየችና፣ እነሱም ከእርድ አላመለጡማ አለች። ወዲያው ደግሞ፣ ውሸትሽን ነው፣ ያቤጽ እንዲህ አያደርግም አለችኝ።

ስልኩን ትራሷ ሥር ነው የምታኖረው። እሱም ቢጫ ሆኗል።

እህትህ ሶረቲ
አዳማ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.