የዳማዋ ቃጭል

ይድረስ ለናፍቆቴ ለጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከወገቤ በታች ካልሆነ በቀር ፍጹም ደህና ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ኮርቻ ላይ ውዬ ነው የምጽፍልህ።

ጉድ ስማ! ከቤት እስከ ጓሮ መንገድ ይጠፋታል እያልክ የምታሾፍብኝ እህትህ፣ ዛሬ የአባባን ቦታ ይዤ ፈረስ የተከራዩትን እንግዶች በጫካው አሳልፌ ተራራው አናት ላይ አወጣኋቸው! ጉሙ ዛፎቹን ሲውጣቸው አንዷ እንግዳ «እንመለስ» ብላ ማልቀስ ጀምራ ነበር። እኔ ግን የፈረሴን የዳማዋን ልጓም ላላ አድርጌ «ነይ ተከተዪኝ!» አልኳት። አናቱ ላይ ፀሐይዋ ፏ ብላ ጠበቀችን። ያለቀሰችው ራሷ አቅፋ ሳመችኝ።

አባባ ሁለተኛ ሆነው ተከተሉኝ። ቃጭል ለፍየል ነው እያሉ ይስቁ የነበሩት ሰውዬ፣ ራሳቸው ገዝተው ዳማዋ አንገት ላይ አሰሩላት። «ለእንግዶቹ ብዬ ነው» ይላሉ። ዳማዋ ቅጠል ልትቀነጥብ ቆም ስትልና ቃጭሉ ዝም ሲል «የት ደረስሽ?» ይሉኛል። «እዚሁ ፊትዎ ነኝ አባባ!» እላቸዋለሁ፤ እጄን ብዘረጋ እነካቸዋለሁ እኮ።

አናቱ ላይ «እስቲ ቁልቁል ያለውን ንገሪኝ» አሉኝ። ወንዙን፣ ድልድዩን፣ የቤታችንን ቆርቆሮ ነገርኳቸው። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ አንድም አልሳትሽ!» ብለው እንግዶቹን ሁሉ አስጨበጨቡልኝ። ኩራቴን ብታይ!

በል ጋሼ፣ ሰላም ሁንልኝ። ስትመጣ ላስደንግጣቸው ብለህ ድምፅህን አጥፍተህ እንዳትገባ፤ ከአጥሩ በር ጀምረህ ጮክ ብለህ ጥራቸው፤ አሁን ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው።

ፊት ፊት የምትሄደው
እህትህ